በሟች ስም የተጠሩት ሁለት ኮምፒውተሮች

መጀመሪያ ማን የት እንደነበረ ልናገር። በኋላ ፖሊስ ጣቢያም ደጋግመው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።

እኔ ሚዛን ቤቱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ሲሳይ፣ ከጎንደር ዋና ቢሮ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እግሬ አጠገብ ተንበርክኮ ከጠረጴዛው ሥር የኔትወርክ ኬብል ይነቅላል፣ ይሰካል። ነጋ፣ ከሰልፉ ፊት የቆመው የጭነት መኪና ሹፌር፣ አንድ እግሩን ከደጃፉ አስገብቶ አንዱን ውጭ ትቶ ቆሟል። አስር አለቃ ባዩ፣ የጥበቃዎቹ ኃላፊ፣ ክላሹን አንግቶ በግቢው በር ሰንሰለት አጠገብ ከግራሩ ሥር ነው። ዘርፌ፣ የመጋዘኑ ንብረት ያዥ፣ ከግቢው ማዶ በመጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። የባዩ ታናሽ ወንድም የፈንቴ ሚስት ነበረች፤ ፈንቴ ሞቷል። በመካከላችን ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሹፌሮቹ፣ ረዳቶቹና ጫኞቹ ከመኪናዎቹ ሥር ጥላ ይዘው ተጋድመዋል።

እኔ ያን ጊዜ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሳለፍኩ። ጡረታ ስወጣ ገንዳ ውሃ ከተማ ዳር ያለ የሰሊጥ መጋዘን ቀጠረኝ። ባለቤቱ ጎንደር የተቀመጡ ባለሀብት ናቸው፤ አብደራፊ በኩልም እርሻ አላቸው። ሥራዬ መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱን መዝግቤ የመውጫ ወረቀት ማተም ነው። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቼም ሩቅ ናቸው። «እትዬ ጥሩወርቅ በሰው ነገር አይገቡም» ይሉኝ ነበር። እኔም በዚህ ደስ ይለኝ ነበር።

ቆላውን ለማያውቅ ሰው የእጀባውን ነገር ማስረዳት አለብኝ። ወደ ጎንደር የሚወጣ ጭነት ብቻውን አይሄድም። መኪናዎቹ ከከተማው መውጫ ተሰብስበው፣ ወታደር ከፊትና ከኋላ ሆኖ፣ አብረው ይነሣሉ። ያመለጠው ይቀራል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ብቻውን የደፈረ ወይ ይታገታል ወይ ይገደላል። ፈንቴ የሞተው በዚህ ነው። ከእኔ በፊት ሚዛን ቤቱ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነበር። ዘርፌ ጎንደር ሆና ምጥ ሲይዛት ደወለችለት፤ እጀባ ሳይጠብቅ በአንድ መኪና ተሳፍሮ ወጣ። መንገድ ላይ ከነሹፌሩ ተገደለ። ባዩ ከለቅሶው ወዲህ ከዘርፌ ጋር አይነጋገርም። ለሰው «ባትጠራው ይኖር ነበር» ይላል፤ ለእሷ ግን ይህንንም አይላትም።

ነጋም አንድ ጊዜ ታግቶ ተመልሷል። የገመዱ ጠባሳ በእጁ አንጓ ላይ ዙሪያውን ይታያል። ሸሚዙን አይጠቀልልም፣ በዚያ ሙቀት እንኳ።

ባዩ ደግሞ የወረቀት ነገር ነበረበት። ቀደም ሲል አንድ መኪና በእጅ የተጻፈ የሐሰት መውጫ ይዞ ከነጭነቱ ወጥቶ ቀረ። በሩን የከፈተው ባዩ ነበርና ታሰረ። ነገሩ ተጣርቶ እስኪለቀቅ ክረምቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተር ታትሞ ያልወጣ ወረቀት አይቀበልም። ባለሀብቱ ራሳቸው አንድ ቀን በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውት በሩን አልከፈተላቸውም፤ ስቀው ወደ ሚዛን ቤቱ ተመለሱ።

ኮምፒውተሮቻችን ጎንደር ካለው ሰርቨር፣ ማለትም ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የተያያዙ ናቸው። ባለሙያዎቹ ዶሜን ይሉታል። እኔ እንደገባኝ ዶሜን ማለት በረኛ ነው። እያንዳንዱን ኮምፒውተር በስሙና ለብቻው በሰጠው የምሥጢር ቃል ያውቀዋል፤ የማያውቀውን አያስገባም። በድርጅታችን ልማድ ለኮምፒውተር ስም የሚወጣው መጀመሪያ በሚሠራበት ሰው ስም ነው። የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ስሙ ፈንቴ ነበር። ሰውየው ከሞተም በኋላ የቀየረው የለም። ከውጭ ግን ስሙ አይታይም፣ የተለጠፈበት የንብረት ቁጥር ብቻ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ሲሳይ ለመጋዘኑ አዲስ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ረጋ ያለ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ዘርፌ ዘንድ ገብቶ ሲተክል ቆይቶ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ መብራት ሄደና መጣ። የእኔ ኮምፒውተር ጠፍቶ ተነሣ። የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ነበር። የምሥጢር ቃሌን ጻፍኩ፣ አልቀበልም አለ። ደግሜ ጻፍኩ። ሲሳይን አስጠራሁት።

ጽሑፉን አነበበና ግንባሩን አሻሸ።

«ምን ይላል?» አለው ነጋ ከደጃፉ።

«በዚህ ማሽንና በዶሜኑ መካከል ያለው መተማመን ፈርሷል ነው የሚለው።»

«እሱስ እኛም ዘንድ ፈርሷል፣ ወንድሜ። ወረቀቷን ብቻ አውጣልን።»

«አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«የትኛው አሁን ነው? የጎንደሩ ነው የገንዳ ውሃው?»

ውጭ ያሉት ሳቁ። ሲሳይም ሳቀ። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ የሳቀ የለም።

ሲሳይ ኬብሉን ቀየረ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከጎንደሩ ጋር መግጠሙን አየ። ኬብሉን ነቅሎ ሲሞክር ኮምፒውተሩ አስገባኝ፤ ብቻውን ሲሆን ያውቀኛል ማለት ነው። ነገር ግን የመውጫው ቁጥር የሚመጣው ከጎንደር ነውና ያለ መስመር ማተም አይቻልም። ኬብሉን መልሰን ስንሰካ ያው መተማመን ፈረሰ አለን። ከከተማው መውጫ በኩል የመኪና ጡሩምባ መሰማት ጀመረ። እጀባው እየተሰበሰበ ነው። የእኛም ሹፌሮች ተነሥተው ሞተር አስነሡ።

«እትዬ» አለኝ ነጋ፣ «በእጅዎ ይጻፉልን። ጽሕፈትዎ ከማሽኑ ያምራል።»

«ብጽፍልህ ባዩ አይቀበልህም።»

«ባዩን ለእኔ ይተዉት።»

ሄደ። በመስኮቱ አየዋለሁ፣ እሰማዋለሁም።

«አስር አለቃ፣ እጀባው ሊነሣ ነው። ዛሬን ብቻ።»

«ወረቀት።»

«ማሽኑ ተበላሽቷል እያልኩህ!»

«እንግዲያው መኪናህም ተበላሽቷል በለው። ተቀመጥ።»

«አታውቀኝም እንዴ? በዚህ በር ስገባ ስወጣ አርጅቼ የለ?»

«ያን በሐሰት ወረቀት የወጣውንም አውቀው ነበር።»

ነጋ ሰንሰለቱን ያዘ። ባዩ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ በሰደፉ አፉን መታው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው። ነጋ በጉልበቱ ወረደ። እጁን ከአፉ ሥር ዘርግቶ ተፋ፣ ከደሙ ጋር የወጣውን ጥርስ አየውና ኪሱ ከተተው። ሹፌሮቹ ድንጋይ እያነሡ መጡ። ከተወረወረው አንዱ የባዩን ቅንድብ ፈነከተው። ባዩ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሁሉም ከመኪናዎቹ ኋላ ገባ።

ባዩን መድረስ እንዳልቻሉ ሲያውቁ ነገሩ ወደ እኛ ዞረ። ማን እንደጀመረው አላየሁም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት።

«ሰውየው ዛሬ መጣ፣ ማሽኑ ዛሬ ተበላሸ። አይገርማችሁም?»

«እጀባው ጥሎን ከሄደ ብቻችንን ልንወጣ ነው። ይኼን የሚጠብቅ መንገድ ላይ አለ።»

«የአጋቾቹ ጠቋሚ ነው በለኛ!»

በእኛ አገር ጠቋሚ የተባለ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይጠየቅም። ሲሳይም ያውቃል፤ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ቆመ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠ። ነጋ የክሪክ ብረት ይዞ ገባ። ከኋላው ሌሎች በሩን ሞሉት። ክፍሉ ጨለመ።

«ለማን ነው የምትሠራው?» አለው። ከንፈሩ ስላበጠ ቃሉ ይወላገዳል።

«ለዚሁ ድርጅት። ወንድሜ፣ ስማኝ፣ መፍትሔ አለው...»

«ማን ላከህ?»

ሲሳይ ሊያስረዳው እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋ። ነጋ አንጓውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ደፋውና በብረቱ መታው። የአጥንቱ ድምፅ ተሰማኝ። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ደም ተረጨ፣ ልብሴም ላይ። ሲሳይ አልጮኸም፤ ትንፋሹ ብቻ ወጣ። ነጋ ብረቱን እንደገና አነሣ፣ አሁን ወደ ራሱ።

እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ተናገርኩ ግን።

«ነጋ፣ እሱን ከገደልከው ወረቀቱን ማን ያወጣልሃል?»

«አያወጣውማ!»

«እንግዲያው ካላወጣው በኋላ ግደለው። መጀመሪያ ይሞክር።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ አላገኘሁም። ነጋ ብረቱን አወረደ፣ የሲሳይን ኮሌታ ግን አለቀቀም።

«ሞክር» አለው።

ሲሳይ የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ኮምፒውተሩ አየ። ላቡ ይንጠባጠባል። «እትዬ፣ ይህ ማሽን በዶሜኑ ላይ ስሙ ማን ነው?»

«ፈንቴ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ፈንቴ? የሞተው ሰውዬ?»

«ማሽኑ የእሱ ነበር።»

«የመጋዘኑንም ፈንቴ ብዬዋለሁ» አለ።

ጠዋት ዘርፌ ዘንድ ሆኖ «ስሙን ማን እንበለው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም «ፈንቴ በለው፣ ስሙ የሚጠራበት ይኑር» ትለዋለች፤ ሟች መሆኑንም ትነግረዋለች። ስሙን ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ይህ ስም በዶሜኑ ላይ አለ፣ ልጠቀምበት ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሲሳይ ሰውየው ከሞተ ማሽኑም አብሮ የቀረ፣ ምዝገባውም ከድሮ የተረፈ መስሎት አዎን ይለዋል። በዚያች ቅጽበት ጎንደር ያለው በረኛ አዲሱን ፈንቴ ተቀብሎ አዲስ የምሥጢር ቃል ሰጠው። የእኔው አሮጌ ፈንቴ ዘመኑ ያለፈበት ቃል ይዞ ውጭ ቀረ።

ሲሳይ ይህን ሁሉ በዚያው ቆሞ ተናገረ። ብልህ ቢሆን ይደብቀው ነበር፤ ያናገረው ሕመሙ ነው መሰለኝ።

«ይኸው፣ ራሱ ነው!» አለ አንዱ ከበሩ።

«ሞክሼ ናቸው» አልኩ ለነጋ። «ሁለት ሞክሼ ናቸው፣ ጎንደር የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ሌላ ነገር የለበትም።»

«ታዲያ እንዴት ይሆናል?»

«ከአንዱ ስሙ ይነሣል» አለ ሲሳይ። «ይህኛው ይቀላል። ሌላ ስም ሰጥተን እንደገና እናስገባዋለን።»

«ከየትኛው ነው ስሙ የሚነሣው?»

የጠየቀው ባዩ ነው። በመስኮቱ ውጭ መቆሙን አላየሁም ነበር። ከቅንድቡ የሚወርደው ደም አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል። ሹፌሮቹ ከበሩ ተበተኑ።

«ከዚህ አስር አለቃ፣ ከሚዛን ቤቱ» አለው ሲሳይ።

«ከወንድሜ ወንበር?»

«ይቻላል ከመጋዘኑም...»

«ከመጋዘኑ ከሆነ እኔ አነሣዋለሁ።»

«እንደዚያ አይደለም የሚነሣው፣ እኔ...» አለ ሲሳይ። ባዩ ግን መንገድ ጀምሯል።

አሁን ሳስበው ለባዩ የገባው ነገር ከሁለቱ ሞክሼዎች አንዱ ቢሞት ሌላው ቦታውን ያገኛል የሚል ነው። በሰው ሲታይ ልክ ይመስላል። በኮምፒውተር እንደዚያ አይደለም። አዲሱ ቢሰባበርም ጎንደር ያለው በረኛ አሮጌውን መልሶ አያውቀውም፤ እንደ አዲስ ካልገባ በቀር።

«ባዩ!» ብዬ ተጣራሁ። አልዞረም።

ዘርፌ ከመጋዘኑ በር አልተንቀሳቀሰችም። ቁልፎቿ በወገቧ ላይ ናቸው። ከለቅሶው ወዲህ ሲነጋገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከበሩ ዞር በይ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ስሙን ከማን ተቀብለሽ ነው ለዕቃ የሰጠሽው?»

«ከባሌ ነዋ።»

«ከበላሽው ባል?»

«እኔ ጠራሁት» አለች ዘርፌ። «እየወለድኩ ነበርና ጠራሁት። አንተ በዚህ በር ላይ ነበርክ። ወረቀቱን አይተህ ሰንሰለቱን ያወረድክለት አንተ ነህ። እኔ ይህን ለሰው ተናግሬብህ አላውቅም።»

ባዩ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ ተኮሰ። ደጋግሞ ተኮሰ። የኮምፒውተሩ መስተዋት ሲረግፍ ተሰማ። መጋዘኑ ግን ቆርቆሮና ብረት ነው፤ አንዷ ጥይት ከብረት ምሰሶው ነጥራ ተመለሰች። ዘርፌ እንደሚቀመጥ ሰው ቀስ ብላ ወረደች። ቀሚሷ ጭኗ ላይ በደም ጠቆረ፣ ጥቁረቱም ሰፋ።

ነጋ የሲሳይን ኮሌታ ለቆ፣ ብረቱን ጥሎ ሮጠ። ባዩ አጠገቡ አልፎ ወደ በሩ ተመለሰ፣ ከሰንሰለቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ነጋ የአንገቱን ፎጣ ፈትቶ የዘርፌን ጭን በኃይል አሰረው። ከረዳቱ ጋር ተሸክመው የመኪናው ጋቢና ውስጥ አስተኟት።

«ክፈት» አለው ባዩን። «የሴትዮዋ ደም እየፈሰሰ ነው። ሐኪም ቤት ላድርሳት።»

«ወረቀት» አለ ባዩ።

ድምፁ እንደ ጠዋቱ ነበር። ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። ነጋ ወደ እኔ መስኮት ዞሮ አየኝ።

«ንገረኝ» አልኩት ሲሳይን። «አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

የቁልፍ ሰሌዳውን በነጠላዬ ጠረግሁ። ሲሳይ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ለማራቅ እየሞከረ ይነግረኛል። ኬብሉን ነቀልኩ። በእኔ ስም ሳይሆን በማሽኑ በራሱ አስተዳዳሪ ስም ገባን፤ የምሥጢር ቃሉን ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። ከዶሜኑ አስወጣነው። አጥፍቶ ይነሣ አለ። ያ አሮጌ ማሽን ሲነሣ ቀርፋፋ ነው። በዚህ መካከል ከነጋ መኪና የዘርፌ ድምፅ ይመጣል፤ ጩኸት አይደለም፣ ከሰው ጋር እንደሚነጋገር ሰው ነው።

«አሁን ስም ይጻፉ» አለኝ ሲሳይ። «ማንም የሌለውን።»

የእኔ ስም መጀመሪያ ስቀጠር በሠራሁበት በቢሮው ኮምፒውተር ላይ አለ። የሌሎቹም እንደዚሁ። እጄ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ከዚያ «ሚዛን» ብዬ ጻፍኩ። ኬብሉን ሰካሁ። ከጎንደር መልስ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር፤ መስመሩ አንድ ጊዜ ተቋረጠና እንደገና ጀመርን። በመጨረሻ እንኳን ወደ ዶሜኑ በደህና መጣህ የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ጠፍቶ ተነሣ። በእኔ የምሥጢር ቃል አስገባኝ።

የነጋን መኪና መዘገብኩ። ከክብደቱ በታች ከሹፌሩ ሌላ የተሳፈረ ሰው የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ወይዘሮ ዘርፌ፣ የአቶ ፈንቴ ባለቤት» ብዬ ሞላሁ። አተምኩና ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ከሚዛን ቤቱ እስከ በሩ ሩቅ አይደለም። ሹፌሮቹ ከመኪናዎቹ ኋላ ሆነው ያዩኛል፣ የተከተለኝ ግን የለም። ባዩ ፊት ቆሜ ወረቀቱን ሰጠሁት። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበ። ልማዱ ነው። ከታች ወረቀቱ የታተመበት ኮምፒውተር ስም ይወጣል፤ እዚያ ደርሶ ቆመ።

«እዚህ ስሙ የለም» አለ።

«የለም» አልኩት።

«ማን አነሣው?»

«እኔ ነኝ። ከፍ ብለህ አንብብ።»

ጣቱ ተመለሰ። የተሳፋሪው መስመር ላይ ደረሰ። ደሙ ከቅንድቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል በእጁ ጀርባ ጠረገው፣ እንዳይበላሽ። ከዚያ ክላሹን መሬት ላይ አኑሮ ኪሱን ፈተሸ፣ ቁልፉን አወጣ፣ ሰንሰለቱን አወረደ።

ነጋ በሩን ሲያልፍ ወደ ከተማው መውጫ አልታጠፈም። ሐኪም ቤቱ በወዲያኛው በኩል ነው። ለሌሎቹ ወረቀት ማተሙን ቀጠልኩ፤ ሁሉም እጀባው ላይ ደረሱ። ያልደረሰው ነጋ ብቻ ነው። ቀጣዩ እስኪገኝ ድረስ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ መኪናው ውስጥ ሲያድር ሰነበተ።

ዘርፌ አልሞተችም። አንድ እግሯን ትጎትታለች። ባዩ ታሰረ። ሲሳይ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይዘረጉለትም፤ ነጋ ሽማግሌ ልኮበት ታረቁ ሲባል ሰምቻለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ምን ተማርሽ ብትሉኝ ሁለት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛው ትንሽ ነው። ኮምፒውተር ይህ ስም ሌላ ዘንድ አለ ካላችሁ አዎን ከማለታችሁ በፊት ባለስሙ በሕይወት መኖሩን ጠይቁ። ሰውየውን ማለቴ አይደለም፣ ማሽኑን።

ሁለተኛውን ለመናገር ይከብደኛል። በዚያ ግቢ ክፉ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ነጋ የታሰረበትን ገመድ ሲሸሽ ነው የሰው አጥንት የሰበረው። ባዩ ዳግመኛ እንዳይታለል ብሎ ነው ደም ለሚፈሳት ሴት በር የከለከለው። እያንዳንዱ ከዚህ በፊት የደረሰበትን ነገር ሲጠብቅ ፊቱ ያለውን አላየም። እኔ ቀድሞ ሰው ሲፈራ ይሸሻል ብዬ አምን ነበር። አሁን ቆሞ የሚፈራውን ሰው ነው የምጠነቀቀው። ጎረቤት ሲጣላም በሬን አልዘጋም፣ እወጣለሁ፤ ከሚጣሉት ጋር ሄጄ እቆማለሁ። አንዳንዴ ጥቅም የለውም። ቢሆንም እወጣለሁ።

የዚያ ቀን መጨረሻው ይህ ነው። መኪናዎቹ ወጥተው፣ ፖሊስ ባዩን ይዞ ከሄደ፣ ሲሳይም ወደ ሐኪም ቤት ከተወሰደ በኋላ፣ ሚዛን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ የቁልፍ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ከጎንደር ዋና ቢሮ ነው፣ ድምፁን የማላውቀው ወጣት።

«ሚዛን ቤት ነው? ፈንቴ የሚባለው ማሽናችሁ አይታየንም። ሚዛን የሚል ደግሞ ያለ ፈቃድ ዶሜን ውስጥ ገብቷል። ስሙን ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት? ማን ፈቀደልዎ? ስልኩን አይዝጉት፣ ከኃላፊው ጋር ላገናኝዎት።»

አልዘጋሁትም። መነጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ነጠላዬን አነሣሁ፣ ወደ ሐኪም ቤቱ ወጣሁ።